ባክቴሪያ ከመግዛታችን በፊት ያሉንን እንመግብ

«ጠቃሚ ባክቴሪያ» የያዘ እንክብል አሁን አሁን በአዲስ አበባ ትልልቅ መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ መታየት ጀምሯል። በዋሽንግተንና በዱባይ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከሱፐርማርኬት እንደ ልብ ይገዙታል፤ ሆዱን ለሚያመው ዘመድም በመንገደኛ ሻንጣ ይልኩለታል። ፕሮባዮቲክ በሚል ስም የሚሸጠው ይህ ምርት የሚሰጠው ተስፋ ቀላል ነው፦ አንጀትህ ውስጥ ጥሩዎቹ አንሰዋልና ከጠርሙሱ ጨምርበት። እንክብሉ ጨርሶ አይረባም አልልም፤ የሚረባበትን ቦታ ወደ ኋላ እጠቅሳለሁ። የኔ ክርክር ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል የሚል ነው። ስንት ባክቴሪያ ዋጥን ከሚለው በፊት መጠየቅ ያለበት፣ አንጀታችን ውስጥ ቀድሞውኑ ያሉት ምን ይበላሉ የሚለው ነው። ምግባቸው ፕሪባዮቲክ ይባላል። እሱም በሽሮ፣ በምስር፣ በገብስ፣ በሽንኩርትና ከሁሉም በላይ በእናት ጡት ወተት ውስጥ አለ። የቤት ወጪም ሆነ የመንግሥት በጀት መጀመሪያ ሊሄድ የሚገባው ወደዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባክቴሪያ በመዋጥ ጤና የማግኘት ተስፋ ዛሬ የተወለደ አይደለም። በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ኤሊ ሜችኒኮፍ፣ የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜ የሚረዝመው እርጎ ስለሚያዘወትሩ ነው ብሎ ያምን ነበር። ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬ ዓለም አቀፍ ንግድ ሆኗል። ቁጥሩን ግን እንመልከተው። የእስራኤሉ ዋይዝማን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ስሌት መሠረት 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያ ይሸከማል፤ አብዛኛው ያለው ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። 10 ቢሊዮን ባክቴሪያ የያዘ እንክብል ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ከነባሩ ጋር ሲተያይ ከ3,800 አንድ እጅ ነው። እሱም ቢሆን የጨጓራን አሲድ አልፎ፣ ቦታውን ቀድመው ከያዙት ጋር ተሻምቶ መኖር አለበት። በዚያው ተቋም የሚሠሩ ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቃደኞችን ፕሮባዮቲክ አስውጠው አንጀታቸውን በመሣሪያ ሲመረምሩ፣ በአንዳንዶቹ ላይ ባክቴሪያው ሲሰፍር በሌሎቹ ላይ ግን ሳይቀመጥ እንዲሁ አልፎ ሲወጣ አዩ። ከዚህ የሚያስደነግጠው ሁለተኛው ግኝት ነው፦ አንቲባዮቲክ ወስደው ከጨረሱ ሰዎች መካከል ፕሮባዮቲክ የተሰጣቸው፣ ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ ነባር ባክቴሪያቸው ወደ ቀድሞው ሁኔታ ለመመለስ ዘገየ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ጥቂት ስለነበር ጥናቱ የመጨረሻውን ቃል አይናገርም። ቢሆንም «ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም» ብሎ እንክብል ማዘዝን ቆም ብለን እንድናስብበት ያስገድዳል። ላም ገዝቶ መኖ ያላሰበ ሰው ወተት ሊጠብቅ አይችልም፤ እኛ ደግሞ ያሉንን ላሞች ሳናበላ ሌላ ላም ልንገዛ ገበያ ወጥተናል።

መኖው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የሚያስደስት ነገር ነው። የሰው ልጅ የራሱ ዘረመል ከምግብ ውስጥ ያለውን ካርቦሃይድሬት ለመፍጨት የሚሠራቸው ኢንዛይሞች ከ20 አይበልጡም። ስታርችን፣ ስኳርንና የወተትን ስኳር ከሰባበርን በኋላ አቅማችን ያልቃል። የቀረው፣ አሰር ወይም ፋይበር የምንለው፣ ሳይነካ ትንሹን አንጀት አልፎ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ የሚጠብቁት ባክቴሪያዎች ግን አንዳንዱ ዝርያ ብቻውን ከ200 በላይ ኢንዛይም አለው። እ.ኤ.አ. በ1995 ግሌን ጊብሰንና ማርሴል ሮበርፍሯ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች፣ ከእነዚህ ያልተፈጩ ምግቦች መካከል ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን ለይተው የሚያፋፉትን ፕሪባዮቲክ ብለው ሰየሟቸው። ስለዚህ አሰር ሁሉ ፕሪባዮቲክ አይደለም። ማስረጃው ይበልጥ የጠነከረው በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በስንዴ ውስጥ ላሉት ፍሩክታኖች እንዲሁም ጋላክቶኦሊጎሳካራይድ ለሚባሉት ነው፤ በጥራጥሬ ውስጥ ያሉት ራፊኖስና ስታኪዮስ የተባሉ ስኳሮች የእነዚህ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። የገብስና የአጃ ዝልግልግ አሰር፣ እንዲሁም በስሎ የቀዘቀዘ ምግብ ውስጥ የሚፈጠረው የማይፈጭ ስታርች ደግሞ ከእነሱ ቀጥለው ይመጣሉ። ከጠቃሚዎቹ አንዱ የሆነው ቢፊዶባክቴሪያ ፍሩክታን ሲያገኝ ይራባል፤ ከተመገበው አሴቴትና ላክቲክ አሲድ ይሠራል። አሲዱ አካባቢውን ያኮመጥጠዋል፤ ሳልሞኔላን የመሰሉ በሽታ አምጪዎች ደግሞ ኮምጣጣ ቦታ አይመቻቸውም። በዚህ ብቻ አያበቃም። ቢፊዶባክቴሪያ የጣለውን አሴቴትና ላክቲክ አሲድ ሌሎች ባክቴሪያዎች አንስተው ቡታይሬት ያደርጉታል። ቡታይሬት የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና ነዳጅ ነው፤ ከሚያስፈልጋቸው ጉልበት 70 በመቶ ያህሉን የሚያገኙት ከእሱ ነው። አንድ ሰው ሽሮ በልቶ ራሱ መፍጨት ያልቻለውን፣ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያ ተቀባብለው መልሰው የአንጀቱን ግድግዳ ይመግቡለታል ማለት ነው። አንድ ዓይነት ዝርያ የታጨቀበት እንክብል ይህን ቅብብሎሽ ብቻውን ሊተካው አይችልም።

መኖው ሲቋረጥ ምን እንደሚሆንም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ በሆነ ጥናት፣ የሰው አንጀት ባክቴሪያ የተሰጣቸው አይጦች አሰር የሌለው ምግብ ሲመገቡ ባክቴሪያዎቹ ዝም ብለው አልሞቱም፤ ፊታቸውን የአንጀትን ግድግዳ ወደሚሸፍነው ዝልግልግ ልባስ አዙረው እሱን መብላት ጀመሩ። ልባሱ ሲሳሳ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ወደ ሕዋሳቱ ለመድረስ መንገዱ ቀለላቸው። አይጥ ሰው አይደለም የሚል ካለ፣ በሰው ላይ የተደረገውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት በአሜሪካዋ ፒትስበርግ የሚኖሩ 20 አፍሪካ አሜሪካውያንንና በደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ ናታል ገጠር የሚኖሩ 20 ሰዎችን ለሁለት ሳምንት ምግብ አለዋወጣቸው። አሜሪካውያኑ በቀን ይበሉት የነበረው 14 ግራም አሰር ወደ 55 ግራም ከፍ አለ፤ ገጠሬዎቹ ከ66 ወደ 12 ግራም ወረዱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአሜሪካውያኑ ቡታይሬት ሁለት ተኩል እጥፍ ሲጨምር የደቡብ አፍሪካውያኑ በግማሽ ቀነሰ፤ በአንጀት ግድግዳቸው ላይ የታዩት የብግነት ምልክቶችም እንደዚሁ ቦታ ተለዋወጡ። ሥጋውና ስቡም አብሮ ስለተቀየረ ለውጡ ሁሉ የአሰር ነው ማለት አይቻልም። ያም ሆኖ ለማንም እንክብል አልተሰጠም። የተለወጠው ማዕድ ብቻ ነው፤ ጊዜውም 14 ቀን ብቻ።

ተፈጥሮ ራሷ ቅደም ተከተሉን የምታሳየው ግን በእናት ጡት ወተት ነው። በወተቱ ውስጥ ከላክቶስና ከስብ ቀጥሎ በብዛት ሦስተኛውን ቦታ የያዘው ጠጣር ነገር፣ ሕፃኑ ፈጽሞ ሊፈጨው የማይችል ኦሊጎሳካራይድ የተባለ ስኳር ነው። ከ150 በላይ ዓይነት አለው። ለሚያጠባ ሰውነት ጉልበት ውድ ነው፤ ልጁ የማይጠቀምበትን ነገር እያመረተ ለምን ያባክናል? መልሱ እ.ኤ.አ. ከ1899 ጀምሮ ቀስ በቀስ ተገለጠ። በዚያው በፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ኦንሪ ቲሲዬ፣ ጡት በሚጠቡ ሕፃናት ሰገራ ውስጥ ቢፊዶባክቴሪያ ሞልቶ አገኘ። ዛሬ እንደምናውቀው ያ ስኳር የሚሰናዳው ለባክቴሪያው ነው፤ በተለይ ኢንፋንቲስ የተባለው የቢፊዶባክቴሪያ ዓይነት ስኳሩን ከነሙሉ አካሉ ወደ ውስጡ አስገብቶ ለሌላ ሳያካፍል ይሰባብረዋል። ስለዚህ የሰው ልጅ የመጀመሪያው ፕሪባዮቲክ የጡት ወተት ነው። በብዛት የሚገኝበትም ቀን ይታወቃል። ከእንገር በኋላ በሚመጣው ወተት በሊትር ከ5 እስከ 15 ግራም የሚሆነው ይህ ስኳር፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሚወጣው እንገር ውስጥ ከ20 ግራም ይበልጣል። በአገራችን አንዳንድ አካባቢዎች ደግሞ እንገሩን «ቢጫ ነው፣ ቆሽሿል፣ ሆድ ያሳምማል» ብሎ አልቦ መድፋትና ለጨቅላው ቅቤ ማስዋጥ እስከ ዛሬ አልቀረም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዓመታት ይህን ሲታገሉ ኖረዋል። ትግላቸው ስለ በሽታ መከላከያ ንጥረ ነገሮች ሲያወራ ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ይህ የባክቴሪያ ምግብ ሊጨመርበት ይገባል፤ እንገሩ ሲደፋ አብሮ የሚደፋው እሱ ነውና።

ፕሮባዮቲክ የሚረባበት ቦታ አለ ብያለሁ። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአብዛኞቹ የሆድ ሕመሞች ፕሮባዮቲክን አልደገፈም፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ከሚገድለው የአንጀት መበስበስ መከላከልን ለመሰሉ ጥቂት ሁኔታዎች ግን፣ የተወሰኑ ዝርያዎችን ተቀብሏል። እኔን ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ በሕንድ ኦዲሻ ግዛት ገጠር የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2017 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው ሙከራ ነው። 4,556 አራስ ሕፃናት ተመዝግበው፣ ግማሾቹ በሕይወታቸው የመጀመሪያ ቀናት ለሰባት ቀን ላክቶባሲለስ ፕላንታረም የተባለውን ባክቴሪያ ከፍሩክቶኦሊጎሳካራይድ ጋር ወሰዱ። በደም መመረዝ የታመሙት ወይም የሞቱት ካልወሰዱት መካከል 9 በመቶ ሲሆኑ ከወሰዱት መካከል 5.4 በመቶ ሆኑ፤ አደጋው በ40 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ባክቴሪያው የተሰጠው ከነስንቁ ነበር። ሕፃናቱም ጡት ይጠቡ ነበር፤ የእናታቸው ወተት መኖ ማቅረቡን አላቋረጠም። በጣም ተስፋ የሚሰጠው የፕሮባዮቲክ ማስረጃ ራሱ የመኖውን ነገር ትቶ አልሄደም።

አሁን ወደ ገበታችን እንምጣ። እንጀራ የቦካ ስለሆነ ፕሮባዮቲክ ነው የሚል አባባል በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዘዋወር ይታያል። ትክክል አይደለም። እርሾው ውስጥ ሞልተው የነበሩት ባክቴሪያዎች የጋለ ምጣድ ላይ ያልቃሉ። የእንጀራ በጎነት በሌላ በኩል ነው፦ የጤፍ ፍሬ ከማነሱ የተነሣ ተፈትጎ ሊላጥ ስለማይችል ከነልባሱ ይፈጫል፤ ቡኮቱ ብረትና ዚንክ የሚያስረውን ፋይቴት ይቀንሳል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ መበላቱም ከስታርቹ ከፊሉን ወደማይፈጭ ዓይነት ይለውጠዋል። ላዩ ላይ የሚፈሰው ሽሮና ምስር ወጥ ደግሞ የራፊኖስና የስታኪዮስ መገኛ ነው። በቁሌት የጀመረ ወጥ ሁሉ ፍሩክታን ይዟል፤ ረጅም ሰዓት ሲንተከተክ ጥቂቱ ቢሰበርም ብዙው ሽንኩርቱ ከሟሟበት መረቅ ውስጥ ይቀራል። ቆሎ፣ በሶ፣ ቂንጬ፣ ንፍሮ፣ ተልባ፤ ዝርዝሩ ይረዝማል። ባክቴሪያውን በሕይወቱ እንዳለ ከፈለግን እርጎ አለን፤ እሱም ቢሆን ከጥሬ ወተት ሲሠራ የብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ ስጋት ስላለበት ወተቱን አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ በነባር እርጎ ማርጋት ይሻላል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን እጅግ የምናቃልለው ስልጆን ነው። የሱፍ ውሃ ከባቄላ ዱቄት ጋር ተገንፍቶ ይበስላል፤ ሲበርድ ሰናፍጭ ይገባበታል፤ ነጭ ሽንኩርትና ቅመም ተጨምሮበት ተከድኖ ለቀናት ይቦካል። ምግቡ የሚበስለው ከመቡካቱ በፊት ስለሆነ፣ ማዕድ ላይ ሲቀርብ ባክቴሪያው አልሞተም። ከባቄላውና ከነጭ ሽንኩርቱ የተረፈው መኖም አብሮት አለ። የምግብ ኩባንያዎች ሲንባዮቲክ ብለው በውድ የሚሸጡትን ሐሳብ፣ የጾም ማዕዳችን በአንዲት ጭልፋ ስልጆ ሲያቀርበው ኖሯል። ስልጆን ዛሬ የሚሠራ ቤት ግን እያነሰ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ከተማው ገበታውን እየለወጠ ነውና። ነጭ ዳቦ፣ ፓስታና ሩዝ ቶሎ ይደርሳሉ፤ ማገዶ ይቆጥባሉ፤ ጤፍ ሲወደድ እንጀራው ራሱ ሩዝ ይቀላቀልበታል። ስንዴው ሲፈጭ አሰሩን የያዘው ፉርሽካ ተለይቶ ለከብት ማድለቢያ ይሄዳል፤ ለሰው የሚቀረው ነጩ ዱቄት ነው። ይህ ለውጥ የት እንደሚያደርስ ከአገር የወጡ ሰዎች ቀድመው አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደ አሜሪካዋ ሚኒሶታ የፈለሱ የህሞንግና የካረን ስደተኞችን ተከታትሎ ነበር። በደረሱ በወራት ውስጥ የአንጀታቸው ባክቴሪያ ዓይነት መመናመን ጀመረ፤ የእህልና የተክል አሰር የሚፈጩ ኢንዛይሞቻቸው ጠፉ፤ ቆይታቸው ሲረዝም ጉዳቱ ባሰ፤ እዚያ በተወለዱት ልጆች ላይ ደግሞ ከወላጆቻቸውም ከፋ። በዚያው ሚኒሶታ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ጥናቱ እነሱን አልጨመረም፤ ቢሆንም ከገብስና ከጥራጥሬ ማዕድ ወደ በርገርና ለስላሳ መጠጥ የሚሄደው መንገድ ለሁሉም ስደተኛ ተመሳሳይ ነው። በባዕድ አገር ለሚያድግ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽሮ ማቅመስ ባህልን ከማስተማር የዘለለ ጥቅም አለው።

ለዚህ ክርክር ከባድ ተቃውሞ የሚመጣው ከሳይንሱ ራሱ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ሙከራ 36 ጤነኛ ጎልማሶችን ለሁለት ከፍለው ግማሹ አሰር እንዲያበዛ፣ ግማሹ እርጎና ኪምቺን የመሰሉ የቦኩ ምግቦች እንዲያዘወትር አደረጉ። ያሸነፈው ቡኮው ነው። በእነዚያ ላይ የባክቴሪያው ዓይነት በዛ፣ በደማቸው ውስጥ ያሉ የብግነት ምልክቶችም ቀነሱ፤ አሰር ያበዙት ግን በባክቴሪያ ዓይነት ብዛት ለውጥ አላሳዩም። ታዲያ መኖው ምን ጠቀመ? ውጤቱን ጠጋ ብሎ ላየው መልስ አለው። አሰር ካበዙት ሰዎች ሰገራ ውስጥ ሳይበላ የቀረ ካርቦሃይድሬት ተገኝቷል፤ ማለትም መኖው ደርሶ በላተኛው ጎድሏል። አስቀድመው የባክቴሪያ ብዝኃነት የነበራቸው ተሳታፊዎች ደግሞ በአሰሩ ብግነታቸው ቀንሶላቸዋል። የቦካ ምግብ በበሉትም ላይ አዲስ ከታዩት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ከምግቡ የመጡ አልነበሩም። ከዚህ የምረዳው፣ ለአሥርታት አሰር ያጣ አንጀት በጥቂት ሳምንት ሽሮ እንደማይመለስ ነው። ለእንደዚያ ዓይነቱ ሰው እርጎውም አሰሩም አብረው፣ ለረጅም ጊዜ ያስፈልጉታል። በላተኛው ገና ላልጠፋበት ለአብዛኛው የኢትዮጵያ ሕዝብ ግን፣ መኖውን አለማቋረጥ ከሁሉም ይረክሳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሆድ ይነሣል፦ ባቄላና ሽሮ ይነፋኛል። እውነት ነው፤ ባክቴሪያ ራፊኖስን ሲበላ ጋዝ ይወጣል። መነፋቱ በሽታ አይደለም፤ ቀስ በቀስ ለሚጨምር ሰው ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። እናቶቻችን ጥራጥሬውን አሳድረው ውሃውን የሚደፉት፣ ባቄላውንም በቆልት የሚያደርጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም ጋዝ የሚያመጡትን ስኳሮች ከፊሉን ያስወግዳሉ። አይቢኤስ የተባለው የአንጀት ሕመም ያለበት ሰው ጉዳይ ይለያል። ለእነዚህ ሰዎች በአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የተቀመረውና ሽንኩርትን፣ ስንዴንና ጥራጥሬን የሚቀንሰው አመጋገብ ሕመሙን ያስታግሳል። ነገር ግን እሱም ቢፊዶባክቴሪያን እንደሚያመናምን በመታወቁ፣ ባለሙያዎች ለዘላለም እንዲያዝ አይመክሩም፤ ሕመሙ ሲበርድ ምግቦቹ አንድ በአንድ እንዲመለሱ ያደርጋሉ።

ከሁሉም የበለጠ የሚከብደኝ ሦስተኛው ነው። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናቷ 37 በመቶው እ.ኤ.አ. በ2019 የመቀንጨር ምልክት በታየባቸው አገር፣ ስለ ባክቴሪያ ምግብ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? የልጁ ሆድ ትንሽ ነው፤ በአሰር ከሞላ ጉልበት ሰጪውና ገንቢው ምግብ የት ይገባል? ስጋቱ ተገቢ ነው። ለሕፃን እንቁላል፣ ወተትና ዘይት የሚተካ ፉርሽካ የለም። ይሁን እንጂ ከባንግላዴሽ የመጣውን ማስረጃ ማየት ይበጃል። በዳካ ከተማ ሚርፑር በተባለ የድሆች ሰፈር፣ ከ12 እስከ 18 ወር ዕድሜ ያላቸው በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ለሦስት ወር ከሁለት ዓይነት ምግብ አንዱን ተመገቡ። አንደኛው የተለመደው ጉልበት ሰጪ ምግብ ነው። ሁለተኛው የአንጀታቸውን ባክቴሪያ ለማጎልበት ታስቦ ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከለውዝና ከጥሬ ሙዝ የተዘጋጀ ነው። ሁለተኛው በካሎሪ ያነሰ ነበር፤ ሕፃናቱ ግን ክብደት በፍጥነት የጨመሩት በእሱ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። የእጥረት ጉዳትና የአንጀት ባክቴሪያ ጉዳይ ተለያይተው የሚታዩ እንዳልሆኑ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። ሽምብራውንም ለውዙንም እኛ እናመርታለን። በየቤቱ ለሕፃን ገንፎ የሚዘጋጀው ምጥን ዱቄት ከዚህ ቀመር የራቀ አይደለም፤ ሽምብራው እንዳይቀነስና እህሉ ተነፍቶ ተነፍቶ ነጭ እስኪሆን እንዳይደርስ መምከር ብቻ ይበቃል።

እንግዲያው ኢኑሊን የተባለውን ፕሪባዮቲክ በዱቄት መልክ እየገዛን በሻይ ብንጠጣስ የሚል ይኖራል። ቺኮሪ ከተባለ ተክል ሥር የሚወጣው ይህ ዱቄት በፋብሪካ ምግቦች ውስጥ እየተጨመረ «አሰር የበዛበት» ተብሎ ይሸጣል። በልኩ ለብዙ ሰው ጉዳት የለውም፤ ቢፊዶባክቴሪያንም ያበዛል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት፣ የአንጀት ባክቴሪያቸው የተዛባ አይጦች የተጣራ ኢኑሊን አብዝተው ሲመገቡ ከፊሎቹ የጉበት ካንሰር ያዛቸው። ያንን ወደ ሰው መውሰድ ባይቻልም አንድ የተጣራ ነገር እንደ ሙሉ ምግብ እንደማይታይ ያስጠነቅቃል። የሰፊው ማስረጃ ክብደትም ያለው በሙሉ ምግቡ በኩል ነው። ላንሴት መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው፣ 185 የክትትል ጥናቶችንና 58 ሙከራዎችን ያጠቃለለ ግምገማ፣ አሰር አብዝተው የሚበሉ ሰዎች ጥቂት ከሚበሉት ይልቅ በልብ በሽታ፣ በስኳርና በአንጀት ካንሰር የመያዝ ወይም የመሞት ዕድላቸው ከ15 እስከ 30 በመቶ እንደሚያንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ሲመክር «በተፈጥሮ በምግብ ውስጥ ያለ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አክሎበታል።

እንግዲህ የሚደረገው ምንድን ነው? ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ መሸጥ ይቁም፤ ጉንፋን በያዘው ቁጥር አሞክሳሲሊን የሚውጥ ሰው በሽምብራም በስልጆም የሚያለማውን በሳምንት ያወድማል። የትምህርት ቤት ምገባ የሚያዘጋጁ ከተሞች በሳምንቱ ምግብ ዝርዝር ውስጥ ነጭ ዳቦና ሩዝ ከሚደጋገሙ ንፍሮ፣ ቂንጬና የክክ ወጥ ቦታ ይስጡ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 9 ዓመት ላለ ልጅ ያስቀመጠው 21 ግራም አሰር ከእነዚህ ውጪ በቀላሉ አይሞላም። ዱቄት ፋብሪካዎች ፉርሽካውን ጨርሰው ሳያወጡ የፈጩትን ዱቄት ከነጩ ባነሰ ዋጋ ለዳቦ ቤቶች የሚያቀርቡበት መንገድ ይፈለግ፤ ዛሬ «ጤነኛ» የተባለው ዳቦ የሚገኘው ባለጸጋው በሚገበይበት ሱቅ ብቻ ነው፤ ይህ ፍትሐዊ አይደለም። የታሸገ ምግብ ሁሉ የአሰሩን መጠን በግራም ይጻፍ። በፕሮባዮቲክ ስም ወደ አገር የሚገባውም ምርት የባክቴሪያውን ሙሉ ዝርያ፣ እስከ መጠቀሚያው ቀን ድረስ በሕይወት የሚቆየውን ብዛትና በየትኛው ሕመም ላይ ተፈትኖ እንደታየ በአማርኛ ጽፎ ካልመጣ፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መደርደሪያ ላይ እንዳይወጣ ያድርግ።